እናትና አባትሽን ኤቭበሪ ውሰጃቸው፤ ሙሉ ቀን ይዘሽ ሂጂ

ሰላም እህቴ። ወላጆችሽ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁሽ እንደሚመጡ ጽፈሻል። ለንደንን ባለፈው ዓመት አይተውታል። አባትሽ ታሪክ ይወዳሉ፣ እናትሽን ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። "ግርግር የሌለበት፣ ገጠር ሆኖ ጥንታዊ ነገር የሚታይበት ቦታ የሄደ ሰው ይንገረኝ" ነው ያልሽው። ብዙዎቹ ስቶንሄንጅ፣ ያንን ዝነኛ ጥንታዊ የድንጋይ ክብ፣ ብለው መልሰውልሻል። እኔ ግን ኤቭበሪ እላለሁ። አራት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አንዱን ከእናቴ ጋር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ኤቭበሪ እንግሊዝ አገር፣ ዊልትሸር በሚባል አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ከስቶንሄንጅ ጋር አንድ ላይ በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ስቶንሄንጅ ትኬት ትገዢያለሽ፣ በተከለለ መንገድ ትዞሪያለሽ፣ ድንጋዩን ከሩቅ ታዪዋለሽ። ኤቭበሪ ላይ የመግቢያ ክፍያ የለም። ድንጋዮቹ ሜዳ ላይ ናቸው፣ በነጻ። ሄደሽ ትነኪያቸዋለሽ፣ ትደገፊያቸዋለሽ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንደሯ ያለችው ከድንጋዮቹ አጠገብ ሳይሆን መሃላቸው ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ትልቅ ክብ ቦይ አለ። ከቦዩ የወጣው አፈር በውጭ በኩል ዙሪያውን ተከምሯል። በውስጥ በኩል ደግሞ የቦዩን ጠርዝ ይዘው ትልልቅ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ይሄ ክብ ከዳር እስከ ዳር 330 ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የድንጋይ ክቦች ትልቁ እሱ ነው። መጀመሪያ ወደ 100 ድንጋይ ነበረው፣ በውስጡም ሌሎች ሁለት ክቦች ነበሩ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2850 እስከ 2200 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በየደረጃው ነው። ዛሬ በዚህ ክብ ውስጥ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ፣ መጠጥ ቤት አለ፣ መኪና የሚመላለስበት አስፋልትም አለ።

መጀመሪያ የሄድኩት በአንድ አስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ ነበር። አርባ ደቂቃ ብቻ ሰጡን። ሁለት ድንጋይ ጋ ፎቶ ተነሣን፣ ሽንት ቤት ተሰለፍን፣ ተመለስን። በጣም ነው የቆጨኝ። ሙሉ ቀን ይዘሽ ሂጂ የምልሽ ለዚህ ነው።

ስትደርሱ ወደ ድንጋዮቹ አትሩጡ። መጀመሪያ ቦዩ ዳር ቁሙ። ብዙ ሰው ተራ ጉድባ መስሎት ያልፈዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲቆፈር፣ ድሮ ወደ 9 ሜትር ይጠልቅ እንደነበር ታወቀ። የሦስት ፎቅ ቤት ያህል ማለት ነው። አሁን የምናየው በአፈር ከተሞላ በኋላ የቀረውን ነው። የአካባቢው ምድር ጠመኔ ነው፤ ያው ተማሪ ቤት ሰሌዳ ላይ የምናውቀው ነጩ። ያን ሁሉ የቆፈሩት ብረት በማይታወቅበት ዘመን፣ በአጋዘን ቀንድ ነው። ያኔ ሣር ሳይበቅልበት ነጭ በነጭ ሆኖ ምን ይመስል እንደነበር አባትሽ ቆም ብለው ያስቡት።

ከዚያ ድንጋዮቹ። ሳርሰን ይባላሉ፣ በጣም ጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ከመንደሯ በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች ነው ተጎትተው የመጡት። አልተጠረቡም፣ እንደተፈጠሩ ነው የቆሙት። በሰሜን መግቢያ በኩል ያለው ትልቁ ከ60 ቶን በላይ እንደሚመዝን ይገመታል። እናቴ ያደገችው ቡታጅራ አካባቢ ስለሆነ ገና ከሩቅ ስታያቸው "ይሄማ የኛ ትያ ነው!" አለች። ቀረብ ስትል ግን ጎራዴ ፈለገች። የትያዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጾባቸዋል፤ የኤቭበሪዎቹ ላይ ምንም ቅርጽ የለም። በእጇ እየዳበሰች ሦስት አራቱን ዞረቻቸው። የላይኛው ክፍላቸው ሻካራ ነው፣ ግራጫና ቢጫ ሽበት አብቅሏል። ከወገብ በታች ግን ለስላሳ ነው። በጎች ሰውነታቸውን ስለሚያኩበት ነው። ስንጥቁ ላይ የበግ ፀጉር ተሰክቶ ታያላችሁ።

በደቡብ መግቢያ በኩል እንደ መቀመጫ የተቦረቦረ ትልቅ ድንጋይ አለ። እናቴ ደክሟት ነበርና ቁጭ አለች። ስሙ "የዲያብሎስ ወንበር" እንደሚባል ስነግራት በስመ አብ ብላ ተነሣች። እናትሽ እንዲያርፉ ከፈለግሽ ሣሩ ላይ አንድ ጋቢ አንጥፊላቸው፣ ይሻላል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። የቤቶቹን ግድግዳ እዩ። ከመቶው ድንጋይ ዛሬ የቆመው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው የት ሄደ? ብዙው ግድግዳ ሆኗል። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመንደሩ ሰዎች ከድንጋዩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው እሳት ያነዱ ነበር። ድንጋዩ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱበታል። ሲሰነጠቅ በመዶሻ ይፈልጡታል። በዚያ ቤት፣ አጥርና በረት ሠሩበት። መጠጥ ቤቱ አካባቢ ቀስ ብላችሁ ብትሄዱ ግድግዳው ውስጥ ያንኑ ግራጫ ድንጋይ ታገኙታላችሁ። እኔ ይሄን ካወቅሁ በኋላ መንደሯን ያየሁበት ዓይን ተለወጠ። ያሳዝናል፤ ግን ገበሬ ነው፣ ቤት ያስፈልገዋል። ዊልያም ስቱክሊ የሚባል ሰው በ1720ዎቹ እየተመላለሰ ድንጋዮቹ ሲፈለጡ እያየ ሥዕላቸውንና ቦታቸውን መዝግቧል። እሱ ባይኖር ብዙውን ነገር ዛሬ አናውቀውም ነበር።

ከዚያም በፊት፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ድንጋዮቹን እየጣሉ ይቀብሯቸው ነበር። በ1938 አንዱን የተቀበረ ድንጋይ ሲያወጡ ከሥሩ የሰው አጽም አገኙ። አብሮት መቀስ፣ ቀጭን የሕክምና መሣሪያና ሳንቲም ነበር። ፀጉር ቆራጭና ቁስል አካሚ እንደነበር ነው የሚታመነው፤ ወጌሻ በይው። ድንጋዩን ሲቀብሩ ወድቆበት ሞተ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተወርቷል። በኋላ አጽሙ እንደገና ሲታይ ግን ያ ታሪክ አጠራጣሪ ሆኗል። ድንጋዩ ዛሬም የፀጉር ቆራጩ ድንጋይ ተብሎ ይጠራል።

እሱንም ሌሎቹንም ያስነሣቸው አሌክሳንደር ኪለር ነው። ቤተሰቡ በማርማላታ ንግድ የከበረ ነበር። በገንዘቡ መሬቱን ገዝቶ፣ በ1930ዎቹ የወደቁትንና የተቀበሩትን እያወጣ አቆመ። ድንጋዩ ጠፍቶ ጉድጓዱ ብቻ የተገኘበት ቦታ ላይ አጭር የሲሚንቶ ምልክት አኖረ። እነዚያን ምልክቶች አባትሽ ይቁጠሯቸው፤ ምን ያህል እንደጠፋ ያኔ ነው የሚገባው። በስሙ የተሰየመ ትንሽ ሙዚየም እዚያው አለ፣ ለእሱ ክፍያ አለው። ለአባትሽ ይሆናል።

ከመንደሯ ወደ ደቡብ ወጣ ስትሉ ሲልበሪ የሚባል ኮረብታ ታያላችሁ። ኮረብታ መስሎ እንጂ ሰው የሠራው ነው። ከፍታው ከ30 ሜትር አያንስም። በአውሮፓ ካሉት ሰው ሠራሽ ጥንታዊ ጉብታዎች ትልቁ ሲሆን፣ የተከመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ገደማ ነው። ሀብት ወይም የንጉሥ መቃብር ይገኛል ብለው በ1776 ከላይ እስከ ታች ቆፍረውት ነበር። መቃብር አልተገኘም። ያ ጉድጓድ በ2000 ከላይ ተደርምሶ ትልቅ ቀዳዳ ከፈተ፣ ከዚያ በ2007 ጀምረው ውስጡን በጠመኔ ሞሉት። መውጣት ክልክል ነው። የሚወጡ ሰዎች ታያላችሁ፣ እናንተ ግን አትውጡ። ከሥር ሆኖ ማየት ይበቃል፤ ለእናትሽም ጉልበት ይሄ ይመቻል።

አባትሽ ግን ከዚያ ማዶ ወዳለው ዌስት ኬኔት መቃብር ይውጡ። በእርሻ መሃል ቀስ እያለ የሚወጣ መንገድ ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው መኪና ማቆሚያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። እናትሽ መኪና ውስጥ ወይም ከታች ይጠብቁ። መቃብሩ ወደ 100 ሜትር የሚረዝም የአፈር ክምር ነው፣ ፊቱ ላይ ግዙፍ ድንጋዮች ተደርድረዋል። በጎን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። አምስት ትንንሽ ክፍሎች አሉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 ገደማ የተሠራ ነው፤ ድንጋዮቹ ክብ ከመቆማቸው ብዙ መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ቢያንስ የ36 ሰዎች አጽም ተገኝቶበታል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን። እኔ ስገባ ማንም አልነበረም። የውጪው ንፋስ ድምፅ ወዲያው ጠፋ። ግድግዳውን ስነካው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ትልልቆቹ ድንጋዮች የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ስስ ስስ ድንጋይ እየካቡ ደፍነውታል፣ ልክ አገር ቤት እርከን እንደሚካበው። የሠራተኛው እጅ ታይቶኛል ማለት ይቻላል። የስልክ መብራት ይያዙ።

ረጅሙን የድንጋይ መንገድ፣ ዌስት ኬኔት አቬኑን፣ ከመኪና ላይም ታዩታላችሁ። ሁለት ሁለት ሆነው የቆሙ ድንጋዮች ናቸው። መጨረሻው ላይ ያለው ሳንክቹዋሪ የሚባለው ቦታ ግን የሲሚንቶ ምልክት ብቻ ነው የቀረው፣ ጊዜ ካጠራችሁ ዝለሉት።

ለእናትሽ ቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያንን አስቀሪላቸው። ከቦዩ ወጣ ብሎ ነው፣ ከግድግዳው ከፊሉ የተሠራው ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። እናቴ በሩን ተሳልማ ገባች። ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ መጠመቂያ አለ። ጎኑ ላይ ጳጳስና ዘንዶዎች ተቀርጸዋል። ጎንበስ ብላ አየችና "አቡነ አረጋዊ ናቸው እንዴ?" አለችኝ። እንዳልሆኑ ነገርኳት። እሷ ግን ከመጠመቂያው አልራቀችም፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ረጅም ሰዓት ስትጸልይ ቆየች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላም ስለ እንግሊዝ ስትጠየቅ የምታወራው ስለዚያ ዘንዶ ነው።

አሁን መንገዱ። በባቡር ከሆነ ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ስዊንደን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ 49 ቁጥር አውቶቡስ መንደሯ ድረስ ያደርሳችኋል። እሑድ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ ሌላ ቀን ይሻላል፣ የመመለሻውንም ሰዓት አስቀድመሽ እዪ። በመኪና ከሆነ ከመንደሯ ውጭ ካለው ማቆሚያ አቁሙ፣ ይከፈልበታል፣ ትንሽም ያስኬዳል። ለእናትሽ መንደሯ ውስጥ አውርደሻቸው ብትመለሺ ጥሩ ነው። ሰኔ አጋማሽ አካባቢ፣ በተለይ በፈረንጆቹ ጁን 21፣ ፀሐይዋን ለማክበር ብዙ ሰው ስለሚጎርፍ ያን ሳምንት ተዪው። ጫማ የሚይዝ ይሁን። እርጥብ ጠመኔ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ እናቴ የቦዩ አፋፍ ላይ አዳልጧት ክንዷን ይዤ ነው ያዳንኳት። በአፋፉ ላይ አታስኬጂያቸው፣ ሜዳው ላይ ይሁኑ።

ስቶንሄንጅን በዚያው ቀን ልጨምር ብለሽ ካሰብሽ፣ በመኪና ሩቅ አይደለም፣ ግን አትጨምሪ። ለሌላ ቀን ይሁን።

ምሳ ካፌም መጠጥ ቤትም አለ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሄዳችሁ ግን ለጾም የሚሆን ብዙ ምርጫ አትጠብቂ። ሽሮ ፍትፍትና አንድ ፔርሙስ ሻይ ያዢ፣ ከድንጋዮቹ ንፋስ የማይመታውን ጎን ምረጪና እዚያ ተቀመጡ።