«በዶላር ነው በድርሃም?» ሲሉሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፣ ልጆቹን ሳስተኛ ረሳሁት። ለገና አገር ቤት ልትሄጂ ነው። መንገድ ላይ ዱባይ ሁለት ቀን ታድሪያለሽ። በአሜሪካ ክሬዲት ካርድሽ ብትከፍዪ ምን ያህል እንደሚቆረጥብሽ ማወቅ ፈልገሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች «3 ፐርሰንት ነው፣ አታካብጂው» ብለዋል። አንዱ ወንድማችን ደግሞ «ዱባይ ላይ በዶላር ቻርጅ አድርጉኝ በያቸው፣ እሱ ያዋጣል» ብሏል። ይቺን ሁለተኛዋን እንዳትሰሚ። እኔ ሰምቼ ተበልቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንዳንቺው በዱባይ በኩል ስሄድ አንድ የገበያ ማዕከል ገባሁ። ለእናቴ ጫማ፣ ለእህቶቼ ሽቶ፣ ለታናሽ ወንድሜ ስልክ ገዛሁ። ሒሳቡ 1,850 ድርሃም መጣ። ካሸሩ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረና «ዶላር ወይስ ድርሃም?» አለኝ። የለመድኩት ዶላር ነው። ስንት እንደምከፍል እዚያው ማየቴ ደስ አለኝና ዶላር የሚለውን ነካሁ። 526 ዶላር ከ41 ሳንቲም። ደረሰኜን ይዤ ወጣሁ። ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ ማለት ይኼ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የድርሃም ጥሩ ጎኑ ከዶላር ጋር አለመዋዠቁ ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ላይ ተቸንክሮ ይኖራል። ስለዚህ ማንም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሌባውን መያዝ ይችላል። 1,850ን ለ3.6725 ስታካፍዪው 503 ዶላር ከ74 ሳንቲም ነው። እኔ የከፈልኩት 526.41። ልዩነቱ 22 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው። ይኼን ሱቁና ምንዛሬውን የሚሠራለት ድርጅት ተካፍለውታል። በራሳቸው ዋጋ መነዘሩልኝ፣ እኔም በጣቴ ነክቼ ተስማማሁ።

እሱ አልበቃ ብሎ ቤቴ ተመልሼ የካርዴን የወር ሒሳብ ስከፍት «ፎሪን ትራንዛክሽን ፊ» (ባንኩ ውጭ አገር ለተደረገ ክፍያ የሚቆርጠው) የሚል ሌላ 15 ዶላር ከ79 ሳንቲም ተቀምጧል። በዶላር ከፍዬ! ባንኩ ጋ ደወልኩ፣ ተቆጣሁም። የስልኳ ልጅ በትህትና አስረዳችኝ። የእነሱ ውል የሚያየው ሱቁ የት አገር እንደሆነ ነው፣ ገንዘቡ በዶላር መሆኑ አያድንም። በድምሩ 38 ዶላር ከ46 ሳንቲም ሄደ። ያኔ «ድርሃም» ብል ኖሮ የምከፍለው የባንኩን 3 ፐርሰንት ብቻ፣ 15 ዶላር ከ11 ሳንቲም ነበር። ከዚህ ክፍያ ነፃ የሆነ ካርድ ብይዝ ደግሞ ምንም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ያለሽበትን አገር ገንዘብ ምረጪ። ዱባይ ድርሃም፣ ፍራንክፈርት ዩሮ፣ አዲስ አበባ ብር። መምረጥ መብትሽ ነው። የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ደንበኛው እንዲጠየቅ ያዛል። ካሸሩ ሳይጠይቅሽ ዶላሩን ቢነካው ደረሰኙ ላይ ታያለሽ። እዚያው ቆመሽ «ሰርዘውና በድርሃም ድገመው» በዪው። ከወጣሽ በኋላ መከራከር አበሳ ነው። ኤቲኤምም ይኼንኑ ይጠይቅሻል፣ ያውም በሚያስፈራ አነጋገር። «ይኼን ምንዛሬ አልቀበልም» የሚለውን ስትነኪ ገንዘቡ የማይወጣልሽ ይመስልሻል። ግን ይወጣል። ብሩን ይሰጥሻል፣ ምንዛሬውን የራስሽ ባንክ ይሠራዋል።

ወደ 3 ፐርሰንቱ ልመለስ። በግምት 1 ፐርሰንቱ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ነው፣ 2ቱን ባንክሽ ይጨምርበታል። ድሮ ይኼ ጭራሽ አይታይም ነበር፣ ምንዛሬው ውስጥ ተቀብሮ ነበር የሚመጣው። ኒውዮርክ ላይ ደንበኞች ከስሰው ቪዛ፣ ማስተርካርድና ትልልቆቹ ባንኮች በ2006 እ.ኤ.አ. በ336 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። አሁን ለብቻው ተጽፎ ስናየው የሚያናድደን እኛ ዕድለኞቹ ነን።

ሦስት ካርድ አለኝ ብለሻል፣ የማን እንደሆኑ አልነገርሽንም። የባንኩ ስም ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ካፒታል ዋን የሚባለው ባንክ በየትኛውም ክሬዲት ካርዱ አያስከፍልም። ቼዝ ባንክን ብትወስጂ ግን ሳፋየር ፕሪፈርድ የሚባለው ካርዱ ነፃ ነው፣ ፍሪደም አንሊሚትድ የሚባለው 3 ፐርሰንት ይቆርጣል። ባንኩ አንድ ነው፣ ካርዱ ሁለት። ካርዱን ስታወጪ በተሰጠሽ ውል ላይ የክፍያዎች ሠንጠረዥ አለ፣ እዚያ «ፎሪን ትራንዛክሽን» የሚለውን መስመር ፈልጊ። «የለም» ካለ እሱን ይዘሽ ሂጂ፣ ሌሎቹን ቤት ተዪያቸው። ለዚህ ጉዞ ብለሽ 95 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ ለማውጣት ካሰብሽ ግን ቆም በዪ። 95 ዶላሩን ለማካካስ ውጭ አገር ከ3,100 ዶላር በላይ ማጥፋት አለብሽ። ዓመታዊ ክፍያም የውጭ ክፍያም የሌላቸው ካርዶች እያሉ ምን አደከመሽ?

አዲስ አበባ ስትደርሺ ጨዋታው ይቀየራል። እዚያ ካርድ የሚሠራው ትልልቅ ሆቴል፣ አንዳንድ ሱፐርማርኬትና የመሳሰለው ቦታ ነው። ለመርካቶ፣ ለታክሲ፣ ለሠፈር ሱቅ ጥሬ ብር ወይም ቴሌብር ነው የሚያስፈልግሽ። ብሩን ከኤቲኤም ልታወጪ ትችያለሽ፣ ግን እባክሽ በክሬዲት ካርድ አይሁን። እኔ ይኼንንም ሞክሬዋለሁ (አዎ፣ ሁሉንም ስህተት በአንድ ጉዞ ነው የጨረስኩት)። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ግዢ አይደለም፣ ብድር ነው። ብዙ ባንክ 10 ዶላር ወይም 5 ፐርሰንት ይወስዳል፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን። ማሽኑ ደግሞ በአንዴ ብዙ አይሰጥም። ሦስት ጊዜ አወጣሁ፣ 30 ዶላር ሄደ። ወለዱም እንደ ግዢ የወሩን መጨረሻ አይጠብቅም፣ ብሩ እጄ ከገባበት ቀን መቁጠር ጀመረ።

ለዚህ የሚሆነው ከራስሽ ሒሳብ የሚቆርጠው ዴቢት ካርድ ነው፣ እሱም ተመርጦ። ብዙ ባንኮች ውጭ አገር ባወጣሽ ቁጥር ቋሚ ክፍያ ይወስዳሉ፣ ፐርሰንቱም አናቱ ላይ አለ። አሁን እኔ የምይዘው ቻርለስ ሽዋብ የሚባለውን ባንክ ዴቢት ነው። የውጭ ክፍያ የለበትም፣ ኤቲኤሙ የቆረጠብኝንም በወሩ መጨረሻ ይመልስልኛል። ለመክፈት ጊዜ ይፈልጋልና ከወሰንሽ ዛሬ ጀምሪ።

አንዷ እህት «አገር ቤት በካርድ ማውጣት ኪሳራ ነው» ያለችው ዱሮ እውነት ነበር። ባንክ ዶላርን በ57 ብር ሲመነዝር ጥቁር ገበያው ከ100 በላይ ነበር። ያኔ በካርድ ብር ማውጣት ማለት የገንዘብሽን ግማሽ ጥሎ መሄድ ነው፣ የ3 ፐርሰንት ወሬ ቀልድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው በዚያው ቀን ከ57 ወደ 74 ዘለለ። ወር ሳይሞላ 100ን አለፈ። ስለዚህ የድሮው ምክር በድሮው ቁጥር ነው የተሰላው። ጥቁር ገበያ ሕገወጥ ነው፣ እሱ ውስጥ አልገባም። ከመሄድሽ በፊት የባንኮቹን የዕለት ዋጋ በስልክሽ አይተሽ ሂጂ።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምርልሽ። ሆቴል መያዣ ሲጠይቅሽ ዴቢቱን አትስጪ፣ የታገደው ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ እጅሽ ይታሰራል። እዚያ ላይ ክሬዲቱን ተጠቀሚ። ሁለቱን ካርድ ደግሞ አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጫቸው።

የሦስቱን ካርዶች ስም እዚህ ጻፊልኝና የትኛውን ቤት እንደምትተዪ እነግርሻለሁ። ስማቸውን ነው ያልኩት፣ ቁጥራቸውን አይደለም!