መልስ፦ የሰደድ እሳት ስናጠፋ የምለብሰው ሱሪዬ ዳገት ላይ ጉልበቴን ይይዘኛል፤ ጃኬቱንስ ላስጠብበው?

ሱሪው እንጦጦ ዳገት ላይ የሚይዝህ ብዙ ጊዜ ጠቦ ሳይሆን ከወገብህ እየወረደ ነው። ቀበቶውን ትተህ በትከሻ የሚያዝ ማንገቻ አድርግ።

ካልበቃ ልብስ ሰፊው በሁለቱ እግሮች መሃል ቁራጭ ጨርቅ ይጨምርበት። ቁራጩ ሌላ ከተጣለ ተመሳሳይ ሱሪ ላይ ተቆርጦ ይምጣ፤ የሚሰፋበት ክርም አራሚድ (ሙቀት የሚቋቋም፣ የማይቀልጥ ክር) ይሁን። ተራው የፖሊስተር ክር 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ስፌቱም ይለቃል። አራሚድ ክር ካላገኘህ ባትነካው ይሻላል።

ጃኬቱን ግን አታስጠብበው። በጨርቁና በገላህ መሃል ያለው አየር ሙቀቱን ያዘገየዋል፤ ላብህም ይተናል። እጅጌው ከረዘመ አንጓህ ላይ እሰረው እንጂ አትጠቅልለው።

አንድ ነገር፦ ባህር ዛፉ ሲቀጣጠል ከጃኬቱ ስር የኳስ ማልያ እንደለበሱ ሊያጠፉ የሚሮጡ ልጆች ሁልጊዜ አያለሁ። ማልያ ፖሊስተር ነው፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከስር ጥጥ ልበስ፣ ካልሲህም ጭምር።