ጥያቄና መልስ፦ ጣሳው ውስጥ ያሉት 11ዱ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዒላማ ተኩስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ተኩሰን ስንጨርስ መሬት ላይ የወደቀውን ቀለሃ እየለቀምኩ ቤት አጠራቅማለሁ። አሁን አንድ ትልቅ ጣሳ ሞልቷል። ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ልሸጠው አስቤ ሳገላብጠው ግን ያልተተኮሱ 11 ጥይቶች አገኘሁ። ሦስቱ ግርጌያቸው ተመትቷል፣ ግን አልተኮሱም። ባለቤቴ «ይህን ነገር ዛሬውኑ ከቤት አውጣልኝ» ብላ ይዛኛለች። እኔ ደግሞ የከሸፈ ጥይት ምን ያደርጋል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ ቀለሃ መልቀም ሌብነት ነው እንዴ? አንድ ጓደኛዬ እንደዚያ ብሎኝ ቅር ብሎኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተሸንፈሃል። ባለቤትህ ልክ ናት።

«ከሸፈ» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተህ። ዕቅድ ከሸፈ ስንል አለቀለት ማለታችን ነው። ጥይት ከሸፈች ማለት ግን ያን ጊዜ አልተኮሰችም ማለት ብቻ ነው። ባሩዷ እዚያው ነው። ግርጌዋ ላይ ያለችው፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ክብ መቀስቀሻም እዚያው ናት። አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ጥፋቱ የጠመንጃው ነው፤ ወይ መምቻው ቆሽሿል፣ ወይ ሞላው ደክሟል።

እኔ 16 ዓመት የተኩስ መስመር ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዱ ተኳሽ ጥይት ከከሸፈበት በኋላ የሚገባውን ያህል አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጎ ጠበቀ፤ 30 ሰከንድ ነበር የእኛ ደንብ። ከዚያ አወጣትና «ይቺ ሞታለች» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጣት። በባትሪ አየኋት። መቀስቀሻዋ ላይ ያለው ጠባሳ በጥፍር የተጫነ ያህል ነበር። በደንብ የተመታ ቀለሃ ላይ የምታየው ጎድጓዳ ግን የሰናፍጭ ፍሬ ያስቀምጣል። ሌላ ጠመንጃ ላይ አቀባበልኳትና ወደ ዒላማው ሳብኩ። ጮኸች! «ሟቿ» ወረቀቱን በስታ ወጣች። አንተ ግን ይህን እንዳትሞክረው። ያነሳሃት ጥይት ከማን ጠመንጃ እንደወደቀች፣ ስንት ዝናብ እንደወረደባት፣ ማን እንደሞላት አታውቅም።

አሁን ወደ 11ዱ እንምጣ። እርሳሷን፣ ማለትም ተወርዋሪ ጫፏን፣ በፒንሳ ነቅዬ ባሩዱን ላፍስሰው አትበል። ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋቸው የሚሉህም አይጠፉም። ብዙ ጥይት እርጥበት እንዳይገባው ታሽጎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ዘይቱ ይግባ አይግባ በምን ታውቃለህ? ቆሻሻ ውስጥም አትጣላቸው፤ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ በማሽን ይጨመቃል። በካርቶን ለብቻቸው አድርጋቸው፣ ከእሳትና ከልጆች አርቃቸው። ከዚያ ይዘህ ከመውጣትህ በፊት ወደ ተኩስ ሜዳው ወይም ወደ ፖሊስ ደውልና እንዴት እንደምታስረክብ ጠይቅ። በፊት ደውል የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አገር ያለ ፈቃድ አንዲት ጥይት ኪስህ ውስጥ መገኘቷ ብቻ ያስከስስሃል፤ «ላስረክብ እየሄድኩ ነበር» የሚለውን ደግሞ ሁሉም ሰው ነው የሚለው።

ጣሳውን እንዳለ ብትሸጠውስ ኖሮ? አብዛኛው ቀለሃ ነሐስ ነው፤ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። ገዢው የሚፈልገው ይህንን ነው፣ መጨረሻውም ማቅለጫ ምድጃ ነው። ከጠመንጃ ውጭ በሙቀት የፈነዳች ጥይት ፊልም ላይ እንደምናየው እርሳሷን ሩቅ አትልክም። የሚበተነው ቀለሃው ነው፤ ተቀዶ እንደ ስለት ይወረወራል። ምድጃው ላይ ለቆመው ሰው ዓይን ያ ይበቃል፤ የቀለጠው ብረት መረጨቱ ሳይጨመር።

መለየቱን በጆሮህ ጀምር። አምስት ስድስት ቀለሃ በመዳፍህ ይዘህ አንቀጫቅጨው። ባዶው ቀለሃ እንደ ትንሽ ቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ አለው። መሀሉ ሙሉ ጥይት ካለ ድምፁ ይታፈናል፣ እጅህም ላይ ይከብዳል። የተሰነጠቀ ቀለሃም ድምፁ ሰባራ ነው፣ ስለዚህ ጆሮህ ከተጠራጠረ በዓይንህ አረጋግጥ። ቀለሃ ውስጥ ቀለሃ መሰካቱን አትርሳ። የ9 ሚሊ ሜትሩ በ.45ቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል (ቁጥሮቹ የጥይቱን ስፋት ነው የሚነግሩህ፤ .45 ማለት 0.45 ኢንች ነው)። ትንሿ የ.22 ሙሉ ጥይት ትልቅ ቀለሃ ውስጥ ተሸጉጣ አግኝቼ አውቃለሁ፤ ከአፉ አሻግረህ ካላየህ አትታይም። ስለዚህ አንድ በአንድ አፋቸውን ወደ ብርሃን አዙር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ 4 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት 250 ያህል ማየት አለብህ ማለት ነው።

ማግኔትም ያዝ። ነሐስ መስሎ መዳብ የተቀባ የብረት ቀለሃ አለ፤ ማግኔት ከሳበው ለብቻው አድርገው። ገዢው ሲመዝን ከሚያገኝብህ አንተው ብትለየው ይሻላል።

ሌብነት ነው ወይ ላልከው፦ እንደ ቦታው ነው። አንዳንዱ ሜዳ የተኮስከው ያንተ ነው ይላል፣ አንዳንዱ መሬት የነካው ሁሉ የኔ ነው ይላል። ከመስመሩ ወደ ፊት የወደቀውን ደግሞ ብዙዎቹ አያስነኩም። ያንን የሚያስከለክላቸው ስስት አይምሰልህ። አንዲት ቀለሃ አየሁ ብሎ ጎንበስ እያለ ከተኩስ መስመር የሚያልፍ ሰው አይቼ ድምፄ እስኪዘጋ «ተኩስ አቁም!» ብዬ የጮህኩባቸው ቀናት አሉ። ጠይቅ። ከፈቀዱልህ ጓደኛህን ዝም አስብለው።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ አባቱ ከሚያመጣው ቀለሃ አንዱን እንደ ፊሽካ ይነፋል። ሌሎቹን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አድርጓል። ባዶ ስለሆነ ችግር የለውም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ አይደለም። አይፈነዳም፣ እሱ ልክ ነው። ግን አብዛኛው መቀስቀሻ የሚሠራው እርሳስ ካለው ኬሚካል ነው። ሲተኮስ ጭሱ ቀለሃው ውስጥ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ልጅሽ ከንፈሩን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ይህን ያህል ቢገባ አይጎዳም የሚባል መጠንም የለውም። ፊሽካውንም ሐብሉንም ዛሬ ውሰጂበት፤ ሲያለቅስ የላስቲክ ፊሽካ ግዢለት። ብዙ ጊዜ ሲነፋ ከቆየ ሐኪም ጋ ወስደሽ የደም ምርመራ አሠሪለት፤ ቀላል ምርመራ ነው። አባቱም ከተኩስ ሲመለስ ልጁን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱንም ይቀይር። እኔም ሥራ ስጀምር በዚያው እጄ መክሰስ እበላ ነበር። ያን ጊዜ የነገረን ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ወታደሮች ልምምድ ጨርሰው ሲሄዱ ሜዳው ላይ ብዙ ቀለሃ ይቀራል። ሰዎች እየገቡ ይለቅማሉ። እኔስ ልግባ?

መልስ፦ አትግባ። እዚያ የሚቀረው ቀለሃ ብቻ አይደለም። የተተኮሰ የላውንቸር ቦምብና የሞርታር ጥይት ወድቆ ሳይፈነዳ ይቀራል። ብዙዎቹ ቦምቦች ሳጥን ውስጥ እያሉ ተቆልፈው ነው ያሉት። ቁልፋቸው የሚከፈተው ተተኩሰው ሲበሩ ነው። መሬት ላይ ያገኘኸው እንግዲህ ቁልፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ነው፤ ብታነሳው፣ ብትረግጠው፣ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። አሁን ገብተህ ከሆነና እንግዳ ብረት ካየህ አትንካው። በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ቦታውን በልብህ ያዝ፣ ለፖሊስ ተናገር።

ጥያቄ፦ ባዶ ቀለሃ እንደገና ጥይት እንዲሆን መልሶ የሚሞላ ጎረቤት አለኝ። ከሰጠሁት ግማሹን ይመልስልኛል፣ አይሆንም ብሎ። ምን እያየ ነው?

መልስ፦ ውስጡን። ባትሪ አብራና በአፉ በኩል ታችኛውን እይ። መሀል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር ይባላል፤ ያገለገለው መቀስቀሻ በመርፌ ተገፍቶ ይወጣል፣ ለመሙላት ይመቻል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ቤርዳን ነው፤ ማውጣቱ ጣጣ ነው። ስሞቹ የፈጣሪዎቹ ናቸው፤ የሚገርመው ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበር፣ ቤርዳን አሜሪካዊ። ሁለቱም የፈጠራ መብታቸውን ያስመዘገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ነው። ዛሬ ግን አሜሪካኖቹ የእንግሊዙን ይዘዋል፣ የአሜሪካዊው ደግሞ በብዛት የሚገኘው አውሮፓ ነው። ጎረቤትህ ሁለት ቀዳዳ ያለውን፣ አፉ የተሰነጠቀውን፣ ግርጌው አካባቢ ያበጠውን ይመልስልሃል። ትክክል ነው። የመለሰልህን ለቁርጥራጭ ብረት አድርገው።