አኑላሩ በስዊቭሉ ላይ ተዘግቶ የራይዘሩ ጭቃ ሲጎድል

ጥያቄ፦ የምሠራው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በቁፋሮ መርከብ ላይ ነው። የውኃው ጥልቀት 5,000 ጫማ ገደማ ነው። የጉድጓዱን ጭቃ፣ በጋሎን 12 ፓውንድ የሚመዝነውን፣ በባሕር ውኃ ለመተካት አኑላሩን (በባሕር ወለል ባለው የመዝጊያዎች ክምር፣ በቢኦፒው፣ ውስጥ ፓይፑን ዙሪያውን የሚጨብጠውን የጎማ መዝጊያ) በስዊቭሉ ስሊቭ (አኑላሩ ተዘግቶም ፓይፑ እንዲዞር በሚያስችለው መሣሪያ ውጫዊ እጀታ) ላይ ዘግተን ፓይፑን እያሽከረከርን ስናጥብ ራይዘሩ (ከቢኦፒው እስከ መርከቡ የሚደርሰው ጭቃ የያዘ ቱቦ) ቀስ በቀስ ይጎድል ጀመር። የመዝጊያውን ግፊት ስንጨምር መጉደሉ ቀነሰ፤ ቶርኩ (ፓይፑን ለማዞር የሚጠይቀው ኃይል) ግን ወጣ። የተበላሸው አኑላሩ ነው ወይስ የስዊቭሉ ፓራውሊዮ (ማሸጊያ ጎማ)?

መልስ፦ ምናልባት ሁለቱም ደህና ናቸው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ከራይዘሩ የጎደለው መጠን በቾክ ላይን (ፈሳሹ ከአኑላሩ በታች ወጥቶ ወደ መርከቡ በሚመለስበት ቱቦ) ከሚመለሰው ትርፍ ጋር ይመጣጠናል? ፓምፑ ከሚያስገባው በላይ የሚመለሰው 5 በርሜል ሆኖ ራይዘሩም የጎደለው 5 ከሆነ መፍሰሻው አኑላሩ ጋ ነው። የተመለሰው ከጎደለው ከበለጠ ግን ጉድጓዱ ራሱ ፈሳሽ እየሰጠ ነው። ያኔ ስለ ፓራውሊዮ የሚወራበት ጊዜ አይደለም፤ ማሽከርከሩንና ፓምፑን አቁመው ቾኩን (የቾክ ላይኑን መቆጣጠሪያ ቫልቭ) ይዝጉና ግፊቱን ይመልከቱ።

ሒሳቡ ከተመጣጠነ ወደ ግፊቱ እንሂድ። ከአኑላሩ በላይ ያለው ጭቃ 0.052 (መለኪያዎቹን የሚያስማማው ቁጥር) × 12 × 5,000፣ ማለትም 3,120 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ይጫናል። ቾክ ላይኑ በጋሎን 8.55 ፓውንድ በሚመዝን የባሕር ውኃ ሲሞላ ከታች ያለው 2,223 ብቻ ነው። ልዩነቱ ወደ 900 ይጠጋል፣ ያውም ከላይ ወደ ታች። አኑላር በዋናነት የተሠራው ከታች የሚመጣን ግፊት እንዲይዝ ነው። በብዙዎቹ ዓይነቶች የጉድጓዱ ግፊት ጎማውን ይበልጥ እንዲጨብጥ ያግዘዋል፤ ከላይ የሚጫነው ግን መያዣውን ያላላዋል። ፓምፑ ሲሠራ በቾክ ላይኑ ውስጥ ያለው ፍትጊያ ከታች ግፊት ስለሚጨምር ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ፓምፑ በቆመ ቁጥር መጉደሉ የሚብስ ከሆነ ምክንያቱን አግኝተዋል።

መፍትሔውም ከዚያው ይመጣል። በቾኩ 600 ፒኤስአይ ቢይዙ ልዩነቱ ወደ 300 ይወርዳል። ይህ ግፊት ግን እስከ ጉድጓዱ ግርጌ ስለሚደርስ የኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈው የብረት ቱቦ) የፍተሻ ግፊት የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሌላው መንገድ ራይዘሩንም በቡስት ላይን (ፈሳሽ ወደ ራይዘሩ ግርጌ በሚያስገባው ቱቦ) በባሕር ውኃ መተካት ነው። ባለ 19½ ኢንች ራይዘር፣ ውስጡ 5⅞ ፓይፕ ሲኖር፣ በየጫማው 0.336 በርሜል ይይዛል፤ ለ5,000 ጫማ 1,680 በርሜል ማለት ነው። ያን ያህል ከባድ ጭቃ ከጉድጓዱ ላይ ማንሣት የሚቻለው የታችኛው ማገጃ በኔጌቲቭ ቴስት (ከላይ ያለውን ግፊት ቀንሶ ጉድጓዱ ፈሳሽ መስጠት አለመስጠቱን በሚያይ ፍተሻ) ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የመዝጊያ ግፊት መጨመር የመጀመሪያ እርምጃ የማይሆነው ቶርኩ ስለነገረዎት ነው። ስሊቭ ማለት በማንድረሉ (ከፓይፑ ጋር በተያያዘው የውስጥ ዘንግ) ዙሪያ የለበሰ፣ በሁለቱ ጫፎች ኩሽኔታና ማሸጊያ ያለው ሲሊንደር ነው። ጎማው ስሊቩን ይዞ ያቆመዋል፤ ማንድረሉ ከነፓይፑ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ጎማው ከልክ በላይ ሲያንቀው በስሊቩና በማንድረሉ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ፓራውሊዮው ይግላል፣ ማንድረሉም ስሊቩን ይዞት መዞር ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚፈጨው የአኑላሩ ጎማ ነው፤ መሣሪያው የተሠራው ደግሞ ይህን ለማስቀረት ነበር። ቶርኩ እየወጣ ድንገት ወርዶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ ስሊቩ እየተያዘና እየተንሸራተተ ነው። ማሽከርከሩን ያቁሙ፤ ግፊቱን በ100 ፒኤስአይ እየቀነሱ፣ ማፍሰስ ሲጀምር አንድ እርከን መልሰው እዚያ ያቁሙት።

የትኛው እንደሚያፈስ ለመለየት ፓይፑን ያቁሙና መጉደሉን 10 ደቂቃ ይለኩ፤ ከዚያ በዝግታ እያሽከረከሩ እንደገና ይለኩ። ሲሽከረከር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ፓራውሊዮው ነው። በሁለቱም እኩል የሚያፈስና በአንድ እርከን ግፊት የሚቀንስ ከሆነ ጎማው ነው፣ ወይም ጎማው የያዘው የስሊቩን ትክክለኛ ቦታ አይደለም።

የቦታው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መሣሪያው አኑላሩ ውስጥ መግባቱ የሚታሰበው በፓይፕ ቆጠራ ነው፤ የተቆጠረው ፓይፕ ግን መሬት ላይ ተኝቶ የተለካ ነው። ከስዊቭሉ በታች 200,000 ፓውንድ ከተንጠለጠለ 5,000 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ 23.4 ፓውንድ 5⅞ ፓይፕ 64 ኢንች ያህል ይለጠጣል። 1.6 ሜትር ማለት ነው፤ በራሱ ክብደት የሚለጠጠው ሳይጨመር። አንድ የስሊቭ ጫፍ ጎማው ውስጥ ለማስገባት ይበቃል። ስለዚህ ቆጠራውን ብቻ አይመኑ። አኑላሩን በዝቅተኛ ግፊት ዘግተው በቀስታ ይሳቡ፤ የማንድረሉ ጉዞ አልቆ የስሊቩ የታችኛው ትከሻ ጎማውን ሲነካ ክብደቱ ይጨምራል። ከ5,000 እስከ 10,000 ፓውንድ ሲጨምር ያቁሙ፤ የአምራቹ ሠንጠረዥ ያነሰ ካለ በእሱ ይሂዱ። ፓይፑን ሮተሪው (በቁፋሮው ወለል ፓይፑ የሚያልፍበት) ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ዝቅ አድርገው ክብደቱ የሚቀንስበትን ቦታ ይያዙ። የሥራ ክልልዎ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ነው፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ ለማዕበልና ለኮምፔንሴተሩ (የመርከቡን ከፍ ዝቅ ማለት ለሚያካክሰው መሣሪያ) ስሕተት የሚሆን ርቀት ይተዉ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ረጅም ስሊቭ በአኑላሩ ውስጥ ሲቀመጥ የታችኛው አካሉ የመቁረጫ ራሙ (በአደጋ ጊዜ ፓይፑን ቆርጦ ጉድጓዱን የሚዘጋው) ፊት ሊደርስ ይችላል። ራሙ ይህን ውፍረት አይቆርጥም፤ የፓይፕ ራሙም አይጨብጠውም። ቢኦፒውን በሚዛን ሥለው የስሊቩን ሁለት ጫፎች ከላይኛውና ከታችኛው ምልክት ጋር ያስቀምጡ፣ የሚቆረጥ ባዶ ፓይፕ በመቁረጫው ፊት እንዲሆን ስንት ሜትር መሳብ እንዳለብዎም በድሪለሩ ፊት ለፊት ይጻፉት። መርከቡ ከቦታው መንሸራተት ከጀመረ ያን ያህል የሚስቡት በቢጫው (የማስጠንቀቂያው) ክልል ሳሉ ነው፤ ቀዩ (ከጉድጓዱ የመላቀቂያው) ሲደርስ ጊዜ የለም።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በዚያው ባሕረ ሰላጤ በዲፕዎተር ሆራይዘን የቁፋሮ መድረክ ላይ 11 ሰዎች ከመሞታቸው በፊት፣ በኔጌቲቭ ቴስቱ ጊዜ አኑላሩ አፍስሶ ራይዘሩ ጎድሎ ነበር። ግፊቱ ተጨመረ፣ ራይዘሩ ተሞላ፣ ሥራው ቀጠለ። ወደ ታች የገባው ከባድ ፈሳሽ የግፊት ንባቡን ሊያዛባ እንደሚችል በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች አመልክተዋል። ከአኑላሩ በታች የገባውን ጭቃ መጠን ስለዚህ መዝግበው ይያዙ፤ በቀጣዩ ንባብ ውስጥም ያስቡት።

መሣሪያው ወደ መርከቡ ሲወጣ ከመታጠቡ በፊት ስሊቩን ይመልከቱ። ጎማው የያዘበት ቦታ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ ትቶ ይታያል። መሃል ላይ ከሆነ አቀማመጡ ልክ ነበር፤ ወደ ትከሻው የተጠጋ ከሆነ ስሌትዎ ተሳስቷል። ዙሪያውን የተጫረ ከሆነ ስሊቩ ዞሯል፤ ከላይ ወደ ታች የተጫረ ከሆነ በጎማው ውስጥ ተንሸራቷል። ማሸጊያዎቹን፣ ደህና ቢመስሉም፣ ይቀይሩ፤ ኩሽኔታውን በንጹሕ ውኃ አጥበው ጨዉን ካስወገዱ በኋላ ግሪስ ይሙሉት፤ ከዚያም ከሁለቱም አቅጣጫ በግፊት ይፈትሹት፣ በተለይ እዚህ እንዳየነው ከላይ ወደ ታች።