የዱር ፈረሱ የትውልድ መዝገብ

ጥያቄ፦ መካነ አራዊት ሊጠፋ የተቃረበን እንስሳ ማራባቱ ብቻ አይበቃም ወይ? የእያንዳንዱን የዘር ሐረግ መመዝገብ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መዝገብ የሌለው እርባታ ቁጥርን ቢያበዛም ዝርያውን ከውስጥ ሊያዳክመው ይችላል። የፕርዠቫልስኪ ፈረስ የሚባለው የእስያ የዱር ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሞንጎሊያ ምድር በመጥፋቱ፣ የቀረው በመካነ አራዊት የተጠበቀው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ያሉትም በአብዛኛው የተገኙት ከዱር ከተያዙ 12 ያህል ፈረሶች ነው። መሠረቱ እንዲህ በጠበበ መንጋ ውስጥ የቅርብ ዘመዳሞች ሳይታወቅ ሲዳቀሉ የውርንጭሎች ሞት ይበዛል፣ የመራባት አቅምም ይቀንሳል። አባቶቻችን ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቆጥሩት ሁሉ፣ የፕራግ መካነ አራዊት በሚይዘው ዓለም አቀፍ መዝገብም የእያንዳንዱ ፈረስ እናትና አባት፣ ልደት፣ ዝውውርና ሞት ይሰፍራል። የትኛው ድንጉላ ከየትኛዋ ባዝራ ጋር እንደሚገናኝ፣ አንዳንዴም አገር አቋርጦ እንዲሄድ የሚወሰነው ይህን በማገናዘብ ነው። በተለይ አንድ ድንጉላ ብቻ ብዙ እንዳይወልድ መገደቡ፣ በእኔ እምነት፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱና ዋነኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርለትም። በዚህ ጥንቃቄ የተጠበቁት ፈረሶች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ወደ ሞንጎሊያ ተመልሰው፣ ዛሬ በኹስታይ ብሔራዊ ፓርክ በዱር እየተዋለዱ ይኖራሉ።