ከየትኛው ደሴት ናት?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ "ጋሼ፣ አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ። የመስክ ደብተር ምን ይሠራልኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። የሆነ አጭር መልስ ሰጠኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሣር እየጎነጎኑ ጎጆ የሚሠሩትን ወፎች እንለካ ነበር። አንድ አዛውንት ጀልባ ቀዛፊ አንድ ቀን ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ሌላ ቀን ደብረ ሲና ደሴት ያደርሱናል። ወፏን ከመረቡ አውጥቼ በግራ እጄ እይዛታለሁ። ልቧ መዳፌ ውስጥ ትር ትር ይላል። ምንቃሯን እለካና ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ እለቃታለሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቀኑም አለ። የደሴቱን ስም ግን ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። አስታውሰዋለሁ ብዬ ነዋ!

አዲስ አበባ ተመልሰን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋ አለቃዬ አንዱን አነሱ። "ይቺስ ከየትኛው ደሴት ናት?" ዝም አልኩ። ሌላ አነሱ። አሁንም ዝም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሁለት ወር ልፋት ገደል ገባ።

የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊንም ይኸው ደርሶበታል። በ1835 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ሲደርስ የደሴቶቹ ምክትል ገዥ "ኤሊን አይቼ ከየትኛው ደሴት እንደመጣች አውቃለሁ" ብሎት ነበር። ያኔ ልብ አላለውም። የሰበሰባቸውን ድንቢጦችም አብዛኞቹን ደሴት ሳይለይ ቀላቀላቸው። በ1837 ለንደን ውስጥ የወፍ አጥኚው ጆን ጉልድ፣ ዳርዊን የተለያየ ዘር ያላቸው የመሰሉትን ወፎች የአንድ ቤተሰብ ድንቢጦች ናቸው ሲል፣ ዳርዊን የመርከቡን አዛዥ የፊትዝሮይንና የራሱን ረዳት የኮቪንግተንን ስብስብ ለመዋስ ተገደደ። እነሱ ቦታውን ጽፈዋላ።

ከእነዚያ ደሴቶች ውጪ የማትገኘውን፣ መካከለኛዋ የመሬት ድንቢጥ የምትባለውን ወፍ በደንብ ያወቅናት ግን በባልና ሚስቱ ተመራማሪዎች በፒተርና በሮዝሜሪ ግራንት ነው። ከ1973 ጀምሮ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የወፎቹን እግር በቀለበት እየለዩ መዘገቡ። በ1977 ድርቅ ገባ። ለስላሳው ዘር አለቀና የኛ ኩርንችት ዘመድ የሆነው እሾሃማው፣ ጠንካራው ፍሬ ቀረ። እሱን የሚሰብሩት ባለ ትልቅ ምንቃሮቹ ናቸው። ትንንሾቹ በብዛት አለቁ። ቀጥለው የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ምንቃራቸው ወፈር አለ። ከ1983ቱ ከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ትንንሽ ዘር በዛና ነገሩ ተገለበጠ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል! በደንብ ያልጻፈ ሰው ይህን በፍጹም አያየውም።

የዛሬ ልጆች ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ። አንዲት ወፍን አሥር ደቂቃ ቆሞ የሚያይ አጥቻለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ስልካችሁ ቦታውንና ሰዓቱን ራሱ ይይዝላችኋል። ያኔ እሱ ቢኖረኝ ኖሮ አለቃዬ ፊት አላፍርም ነበር። ልጅቷ እውነት ሳይኖራት አልቀረም።

አንድ ነገር ግን ስልኩም አይይዘውም ነበር። ቀዛፊው አዛውንት "የቱሉ ጉዶዋና የደብረ ሲናዋ ወፍ ድምፃቸው አንድ አይደለም" ይሉኝ ነበር። "እሺ አባባ" እያልኩ አለፍኳቸው። በየትኛው ይለያል ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ደብተሬ ውስጥ ስማቸው እንኳ የለም።