በጽዳት ክፍያ ለምትከራከሩ ልጆች

ውድ ልጆች፣

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በከተማ በጀትና ሒሳብ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰፈር ውስጥ ስብሰባ ሲጠራ አልቀርም። ድሮ የምንናገረው እኛ ትልልቆቹ ነበርን። አሁን እናንተ ትናገራላችሁ፣ እሰየው። በተለይ የጽዳት ክፍያና የከተማው ወጪ ከተነሳ አዳራሹ ይሞቃል።

ልብ ብዬ ስሰማ ግን ክርክራችሁ ከሁለት ቃል አያልፍም። አንዱ "በዛብን" ይላል። ሌላው "ከተማ በነፃ አይጸዳም" ይላል። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። የኑሮ ውድነቱ ላይ ሌላ ክፍያ ሲመጣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ቆሻሻውም በራሱ እግር መጣያው ቆሼ አይደርስም። እንዲህ ዓይነቱ ክርክር ግን መድረክ ላይ የተቀመጠውን ሰው ምንም አያስቸግረውም። "አስተያየታችሁን ወስደናል" ብሎ ማስታወሻውን ይዘጋል። ማስታወሻውን መልሶ የሚያስከፍተው ሌላ ጥያቄ ነው። ክፍያው በምን ተሰላ? ከተሰበሰበ በኋላስ በየት በኩል ሄደ?

ከስሌቱ ልጀምር። የአዲስ አበባ ሰው የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ሲከፍል የኖረው ከውሃ ቢል ጋር ነው። ለዓመታት የተሠራበት ስሌት ለመኖሪያ ቤት የውሃ ሒሳቡን 20 በመቶ፣ ለንግድና ለድርጅት ደግሞ 42.5 በመቶ የሚያስከፍል ነው። የቤታችሁ ውሃ 200 ብር ከመጣ የቆሻሻው 40 ብር ይሆናል። ለምን ከውሃ ጋር ተያያዘ? መሰብሰቡ ስለሚቀል ነው። ደረሰኝ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ አያስፈልግም። ውሃ እንዳይቆረጥበት የሚፈራ ሰው ደግሞ ቢሉን ሳይውል ሳያድር ይከፍላል። ከሰብሳቢው ወገን ሆኜ ስለኖርኩ ይህ ምን ያህል እንደሚያጓጓ አውቃለሁ።

ግን ውሃና ቆሻሻ እኩል አይሄዱም። ሰፈራችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የሴቶች ፀጉር ቤቷ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታፈስ ትውላለች፤ ማታ የምታወጣው ግን አንድ ሁለት ፌስታል ነው። አጠገቧ ያለው ጫት ቤት ውሃ የሚፈልገው ጫቱን ረጨት ረጨት ለማድረግ ያህል ነው፤ ማታ የሚያወጣው ገረባ ግን በማዳበሪያ ነው። እንጨት ቤቱም ሰጋቱራውን እንደዚያው። በዚህ ስሌት ብዙ የምትከፍለው ፀጉር ቤቷ ናት።

መኖሪያ ቤት ላይ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የውሃ ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ የሚከፍለው ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። መኪናውን በቧንቧ የሚያጥበው ሰው የበለጠ ይክፈል ነው። አሁን ግን አንድ ግቢ ውስጥ አንድ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ስድስት ቤተሰቦችን አስቡ። ቆጣሪው አንድ ነው። እያንዳንዱ ቤት የሚጠቀመው በባልዲ እየቆጠረ ነው፤ ሲደመር ግን ቆጣሪው ከፍ ያለው እርከን ላይ ይወጣል። ድሆቹ ባለ መዋኛ ቤት በሚከፍለው ታሪፍ ይከፍላሉ። የቆሻሻው 20 በመቶ የሚሰላው ደግሞ ከዚያ ካበጠ ሒሳብ ላይ ነው። በሌላ በኩል ውሃ በፈረቃ እንኳ በቅጡ የማይደርሰው ሰፈር አለ። ጄሪካን በጋሪ እያስመጣ የሚኖር ሰው ቢሉ ትንሽ ነው፣ የጽዳት ክፍያውም ትንሽ ነው። ቆሻሻው ግን እንደማንም ሰው ቆሻሻ ይነሳለታል።

"በዛብን" የሚለው ጩኸት ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። የበዛበትም ያነሰለትም ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ያጨበጭባል።

አንድ የወረዳ ስብሰባ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ተነሳና "በየወሩ እንከፍላለን፣ ቆሻሻው ግን ሳምንት ሙሉ በር ላይ ይከርማል፤ ሲመጡ ደግሞ የሻይ ይጠይቁናል" አለ። ተጨበጨበለት። ከኋላ በኩል አንዲት የጽዳት ማኅበር ሠራተኛ እጇን አወጣች። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሥራ ሰደርያዋን አላወለቀችም።

"ወንድሜ፣ አንተ የከፈልከው እኮ እኔ እጅ አይገባም" አለችው። "እኛ የሚከፈለን ባስረከብነው ኪሎ ነው። ገንዳው ሞልቶ መኪናው ካልመጣ ምኑን እናስረክባለን? ካላስረከብን አይከፈለንም። ጋሪው ሲሰበር የምናሠራው ራሳችን ነን። ጓንት የምንገዛው ራሳችን ነን።"

ልጁ ዝም አለ። እሷ ግን ጭብጨባ አላገኘችም። የዚያን ቀን ከተባለው ሁሉ ቁም ነገሩ ያ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዡ አልጻፈውም፤ አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ።

አያችሁ፣ ነዋሪው የሚከፍለው በውሃ ልክ ነው፤ ሠራተኛዋ የምትከፈለው በቆሻሻ ልክ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም። ቀደም ባለው ጊዜ ለማኅበራቱ የሚከፈለው በሜትር ኪዩብ ነበር። በሜትር ኪዩብ ሲሆን ካርቶኑን ሳይጨፈልቁ መጫን ያዋጣል። በኪሎ ሲሆን ደግሞ ዝናብ የጠጣው ያዋጣል፤ አፈር ቢቀላቀልበትም የሚከፋው የለም። ሠራተኞቹን ለማማት አይደለም፤ ማንም ሰው በሚለካበት ነገር ይሠራል። ቆሻሻው ተለይቶ እንዲወጣ ከፈለግን ለተለየ ቆሻሻ የሚከፍል መለኪያ መኖር አለበት። እስካሁን ይህን የመለየት ሥራ በብዛት የሚሠራልን ቆራሌው ነው። ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ ፕላስቲኩን እንዲያውም ከኛው ገዝቶ ይሄዳል። የእሱን ድካም የትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አላየሁትም።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ለዩ። ለብሎኩ ኮሚቴ የምታዋጡት የጥበቃና የደረጃ ጽዳት ገንዘብ የከተማው አይደለም፤ የራሳችሁ ማኅበር ነው። እሱን ከውሃ ቢሉ ጋር ደምራችሁ "ሁለት ጊዜ እየከፈልን ነው" ስትሉ መድረኩ ላይ ያለው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያመልጣችኋል። የኮሚቴውን ሒሳብ ኮሚቴውን ጠይቁ።

ቆሻሻው ከበር ከተነሳ በኋላ ያለው ወጪ ከዓይን የራቀ ስለሆነ ብዙም አንከራከርበትም። ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ መጣያ ነው፤ መጀመሪያ ዳር ነበር፣ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። ወራት ብቻ እንደሠራ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙት፣ በዚያው ዓመት ቆመ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ክምሩ ሥር የሚኖሩ ነበሩ። ገበሬውን አስቀድሞ አለማሳመን፣ ክምሩ ሥር ያለውን ቤተሰብ አለማንሳት በበጀት ሰነድ ላይ መደብ የለውም። ዋጋው ግን ተከፍሏል፣ የከፈሉትም እኛ አይደለንም።

ከዚያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የረጲው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነው፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ስብሰባ ላይ "የጽዳት ገንዘባችንን ረጲ ላይ አቃጠሉት" ሲባል ሰምቻለሁ። ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ኃይል በኩል የተሠራ የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክት ነው። ጠያቂው የሌላ ሰው ኪስ ስለያዘ መልስ ሰጪው "እሱ እኛን አይመለከትም" ብሎ ተገላገለ። ከኛ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ትርፍራፊና ቅጠላ ቅጠል ነው። እርጥብ ነገር ደግሞ እሳት አይወድም። ለከተማው የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነበር፦ እርጥቡን ከደረቁ ለመለየት ዘንድሮ ምን ያህል በጀት ያዛችሁ?

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አበሾች በብዛት የሚኖሩባት የካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 በወጣ ደንብ የነጠላ ቤቶችን ቆሻሻ ያለ ክፍያ ስታነሳ ኖራለች። አፓርታማ የሚከራየው ሰው ግን ለራሱ ቆሻሻ በኪራዩ ውስጥ ለግል ድርጅት ይከፍላል፤ በግብሩ ደግሞ የቤት ባለቤት የሆነውን ጎረቤቱን ቆሻሻ ያስነሳ ነበር። በኅዳር 2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበትና በጠባብ ልዩነት ክፍያ እንዲጀመር ተፈቀደ። ከድምፁ በፊት የተነገረው ግምት በወር ከ23 እስከ 29 ዶላር ነበር። በ2025 ምክር ቤቱ ያጸደቀው 43.60 ዶላር ሆነ። ሰዉ ተቆጣ። እኔን የሳበኝ ቁጣው አይደለም፤ ቁጣ እኛም ጋ ሞልቷል። ተቃዋሚዎቹ የመጀመሪያውን ግምት በእጃቸው ይዘዋል። ከተማውም አዲሱን ገንዳ፣ የየሳምንቱን ሪሳይክል እያለ ልዩነቱን ለማስረዳት ተገደደ። እኛ ጋ የመጀመሪያውን ቁጥር ጽፎ የሚያስቀምጥ የለም። በእኛው አቆጣጠር በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲከለስ የነበረውን ጫጫታ ታስታውሳላችሁ። ግብሩ የቆመበትን የ1968ቱን አዋጅ ቁጥር 80 ያነበቡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ደህና የተከራከሩትም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር። የአዲስ አበባ በጀት በ2016 ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። በ2017 ከ230 ቢሊዮን፣ በ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ደረሰ። "በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ! ታዲያ የኔ 40 ብር ምን ሊያደርግለት ነው?" ትላላችሁ። ቀስ በሉ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የቆሻሻ መኪና መለዋወጫና ጎማ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከጭማሪው ከፊሉ ዋጋ ነው እንጂ ሥራ አይደለም። ጠቅላላ ቁጥር ለጋዜጣ ርዕስ ይሆናል፣ ለክርክር ግን አይበቃም። ከፋፍሉት። ስንቱ ካፒታል፣ ማለትም ለግንባታና ለግዢ ነው? ስንቱ መደበኛ፣ ማለትም ለደሞዝና ለዕለት ተዕለት ሥራ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልነጫነጭ። በኮሪደር ልማቱ አዲስ የእግረኛ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። መንገዱን በየማለዳው የሚጠርጉት ሴቶች ደሞዝ ያለው መደበኛው በጀት ውስጥ ነው፤ እሱ ሪባን የለውም። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ትልቁ ፈተና ይህ ነበር። መኪና ለመግዛት ገንዘብ ይገኛል፣ ጎማ ለመግዛት አይገኝም። መኪናው ግቢ ውስጥ በድንጋይ ተደግፎ ይቆማል፤ እናንተ ሰፈር ገንዳው ሞልቶ ውሻ ይበትነዋል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ "ስንት መኪና ተገዛ?" አትበሉ። ስንቱ ዛሬ ጠዋት ከግቢ ወጣ?

"ታዲያ ምን እናድርግ?" ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ወረዳችሁ ሂዱና ግድግዳውን እዩ። በጀትን ለነዋሪ በሰንጠረዥ የመለጠፍ አሠራር አለ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የቆየውን ነው፤ ፀሐይ አደብዝዞታል፣ ግማሹን የፋይል ካቢኔ ይዞታል። ካቢኔው ይጠጋልን በሉ። እየሳቁም ቢሆን ያስጠጉላችኋል።

ከዚያ ጻፉ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል። መልሱ በ30 ቀን መሰጠት አለበት። እምቢ ካሉ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ እዚያም ካልሆነ ለእንባ ጠባቂ አቤት ይባላል። ጥያቄያችሁን ግን አጥብቡት። "የጽዳት ገንዘብ የት ገባ?" ካላችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሏችኋል። "በ2017 በጀት ዓመት ከወረዳችን የውሃ ደንበኞች የተሰበሰበው የጽዳት ክፍያ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ለማኅበራቱ የተከፈለው ስንት ነው? ለወረዳችን የተመደቡት መኪኖች በብልሽት ስንት ቀን ቆሙ?" በሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። መልስ የሚያዘጋጀው የሒሳብ ሠራተኛም ይወደዋል፤ ምን እንደሚፈልግ ያውቃላ። እሱን እንደ ጠላት አትዩት። አብዛኛውን ጊዜ እሱም ቁጥሩን የሚያሳየው ሰው አጥቶ የቆየ ነው።

ጊዜውንም ጠብቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ነሐሴ ላይ የሚነሳ ጩኸት ለዚያ ዓመት አይደርስም፤ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ረቂቁ ገና በእርሳስ ያለው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ያኔ ሂዱ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላችኋል። ሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመቱበት። "ነገ ኑና ውሰዱ" ቢሏችሁ አትውጡ፣ ወንበር ስባችሁ ጠብቁ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው።